የእርግዝና መከላከያ ክኒኖችን የሆርሞን መጠን ማነጻጸር፦ ከሳጥኑ ንባብ እስከ ቅያሬው

መድኃኒት ቤቱ የለመዱትን ክኒን ሲጨርስ፣ ሐኪም ሌላ ሲያዝዝ ወይም አገር ሲቀየር ጥያቄው ያው ነው፦ «ከበፊቱ ይከብዳል ወይስ ይቀላል?» አብዛኛው ሰው መልሱን የሚፈልገው ሳጥኑ ላይ ካለው ቁጥር ነው። 3 ሚሊግራም የሚለው ከባድ፣ 0.15 የሚለው ቀላል ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ያስሚን ውስጥ ያለው 3 ሚሊግራም ድሮስፒረኖን ማይክሮጋይኖን ውስጥ ካለው 0.15 ሚሊግራም ሌቮኖርጄስትሬል በክብደት ሃያ እጥፍ ይበልጣል፤ እንቁላል እንዳይወጣ በመከልከል ጉልበቱ ግን አይበልጠውም። ቁጥር ከቁጥር የሚነጻጸረው የሆርሞኑ ስም አንድ ሲሆን ብቻ ነው። ስሙ ሲለያይ ስሌቱ ሌላ ነው።

ለሥራው ሁለቱ ሳጥኖች (ወይም በውስጣቸው የሚገኘው መግለጫ ወረቀት)፣ እስክሪብቶና ወረቀት ይበቃሉ። ከሳጥኑ የተለየ ፓኬት ብቻ ይዞ ማነጻጸር ያስቸግራል፤ ጀርባው ላይ ብዙ ጊዜ የንግድ ስሙ እንጂ መጠኑ ስለማይጻፍ።

1. መጀመሪያ ጥምር ክኒን መሆኑን ያረጋግጡ

ጥምር ክኒን ሁለት ሆርሞን አለው፦ አንድ ኤስትሮጅንና አንድ ፕሮጄስቲን። በሳጥኑ ላይ የኤስትሮጅኑን ስም ይፈልጉ። በአብዛኞቹ ክኒኖች ኢቲኒል ኢስትራዲዮል ነው። በጥቂት አሮጌ ክኒኖች ሜስትራኖል፣ በአዳዲሶቹ ደግሞ ኢስትራዲዮል፣ ኢስትራዲዮል ቫለሬት ወይም ኢስቴትሮል ይገኛል። ከእነዚህ አንዱም ከሌለ የያዙት ባለ አንድ ሆርሞን ክኒን ነው፤ ማነጻጸሩም እዚያው ላይ ይቆማል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ አለ። ማይክሮጋይኖን ላይ «0.03 ሚሊግራም» የሚል ቁጥር አለ። ማይክሮሉት ላይም «0.03 ሚሊግራም» ተጽፏል። የስማቸው መጀመሪያም ይመሳሰላል። ነገር ግን በማይክሮጋይኖን 0.03 የተባለው ኤስትሮጅኑ ነው፤ ፕሮጄስቲኑ 0.15 ነው። በማይክሮሉት 0.03 የተባለው ፕሮጄስቲኑ ራሱ ሲሆን ኤስትሮጅን ጨርሶ የለውም። ማይክሮሉት ሁሉም ፍሬ ሆርሞን ያለው በመሆኑ በፓኬትና በፓኬት መካከል እረፍት የለውም፤ ከተለመደው ሰዓት ከ3 ሰዓት በላይ ማሳለፍም እንደ መርሳት ይቆጠራል። በማይክሮጋይኖን የለመደች ሴት ማይክሮሉትን በዚያው አወሳሰድ ከወሰደች መከላከያዋ ይላላል። የተገላቢጦሹም ስህተት ነው፦ የምታጠባ እናት ከወለደች 6 ሳምንት ሳይሞላት ጥምር ክኒን መውሰድ የለባትም፤ ከዚያም እስከ 6 ወር ድረስ ሌላ አማራጭ ካለ እሱ ይመረጣል።

2. መለኪያውን አንድ ያድርጉ

አንዱ አምራች በሚሊግራም፣ ሌላው በማይክሮግራም ይጽፋል። 1 ሚሊግራም 1000 ማይክሮግራም ነው። በላቲን ኤም-ጂ ብቻ ከሆነ ሚሊግራም ነው፤ ኤም-ሲ-ጂ፣ ወይም ጅራት ያለው የግሪክ ፊደል ከጂ ጋር ከሆነ ማይክሮግራም ነው። ሁሉንም ወደ ማይክሮግራም ቀይሮ መጻፍ ይሻላል፤ ነጥብና ዜሮ መቁጠር ያስቀራል፦

0.02 ሚሊግራም = 20 ማይክሮግራም
0.03 ሚሊግራም = 30 ማይክሮግራም
0.15 ሚሊግራም = 150 ማይክሮግራም
3 ሚሊግራም = 3000 ማይክሮግራም

አሜሪካ ውስጥ የሚሸጡ አንዳንድ ክኒኖች ስማቸው ላይ «1/20» ወይም «1/35» ዓይነት ቁጥር አላቸው። ይህ ሁለት የተለያየ መለኪያ የተደባለቀበት አጻጻፍ ነው፦ የመጀመሪያው ፕሮጄስቲኑ በሚሊግራም፣ ሁለተኛው ኤስትሮጅኑ በማይክሮግራም። ለምሳሌ ጁነል 1/20 ማለት 1 ሚሊግራም ኖርኤቲስተሮን አሲቴት (አሜሪካኖቹ ኖርኤቲንድሮን ይሉታል) እና 20 ማይክሮግራም ኢቲኒል ኢስትራዲዮል ነው። ዳያን-35 ላይ ያለው 35 ደግሞ ኤስትሮጅኑን ብቻ ይናገራል።

ብረት ያለው ፓኬት ሲሆን ሳጥኑ ላይ ትልቁ ቁጥር የብረቱ ነው፦ ብዙ ጊዜ 75 ሚሊግራም ፌረስ ፉማሬት። እሱ የሆርሞን መጠን አይደለም፤ ከስሌቱ ያውጡት። በየሦስት ወሩ የሚወሰደው የዴፖ ፕሮቬራ መርፌ 150 ሚሊግራምም ከክኒኑ 150 ማይክሮግራም ጋር አይነጻጸርም። ሆርሞኑ ሌላ ነው፣ መንገዱ ሌላ ነው፣ መለኪያው ራሱ ሺህ እጥፍ ይለያያል።

3. ኤስትሮጅንን ከኤስትሮጅን ጋር

ይህ ቀላሉ ክፍል ነው፤ ኢቲኒል ኢስትራዲዮል ከሆነ ቁጥሩን በቀጥታ ማስተያየት ይቻላል። 50 ማይክሮግራም ከፍተኛ ነው፣ ዛሬ ለተለመደ አጠቃቀም አይመረጥም። 30 እና 35 መደበኛው ነው። 20 እና ከዚያ በታች ዝቅተኛው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1960 አሜሪካ ውስጥ ለእርግዝና መከላከያነት የተፈቀደው የመጀመሪያው ክኒን ኢኖቪድ በአንድ ፍሬ 150 ማይክሮግራም ሜስትራኖልና ወደ 10 ሚሊግራም የሚጠጋ ፕሮጄስቲን ነበረው። የደም መርጋት ከኤስትሮጅኑ መጠን ጋር እንደሚጨምር ሲታወቅ የብሪታንያ ተቆጣጣሪዎች በ1969 ከ50 ማይክሮግራም በላይ እንዳይታዘዝ መከሩ፤ አሜሪካም በ1988 ከ50 በላይ ያሉትን ከገበያ አስወጣች። ስለዚህ «ክኒን ከባድ ነው» የሚለው የእናቶቻችን ዘመን ወሬ መነሻ አለው፤ የዛሬው ፍሬ ግን ያ አይደለም።

ስሙ ሜስትራኖል ከሆነ ቁጥሩን እንዳለ አይውሰዱ። ጉበት ወደ ኢቲኒል ኢስትራዲዮል ሲቀይረው 50 ማይክሮግራም ሜስትራኖል የ35 ማይክሮግራም ያህል ሥራ ይሠራል። ኢስትራዲዮል ሲሆን ደግሞ ቁጥሩ ይበልጥ ያሳስታል፦ ዞኤሊ 1.5 ሚሊግራም ኢስትራዲዮል አለው፤ ይህ ከ20 ማይክሮግራም 75 እጥፍ ይመስላል። በአፍ የተወሰደ ተፈጥሯዊ ኢስትራዲዮልን ግን ጉበት አብዛኛውን ወዲያው ያፈርሰዋል። ኢቲኒል ኢስትራዲዮል የተሠራው ያንን መፍረስ እንዲቋቋም ነው፤ በትንሽ መጠን ብዙ የሚሠራው ለዚህ ነው። ሁለቱን ቁጥር ለቁጥር ማስተያየት አይቻልም።

ከ30 ወደ 20 መውረድ ምን ያመጣል? በትክክል ከተወሰደ መከላከሉ አይቀንስም። ከወር አበባ ውጭ የሚታይ ነጠብጣብ ደም ግን በ20 ላይ ይበዛል፤ ሴቶች ክኒኑን ትተው እርግዝና የሚመጣውም ብዙ ጊዜ በዚህ ሰበብ ነው። ማቅለሽለሽና የጡት መወጠር ያስቸገራት ሴት ቅያሬው ሊጠቅማት ይችላል።

4. ፕሮጄስቲንን በገደቡ መመዘን

ሁለቱም ሳጥኖች ላይ አንድ ስም ካለ ቁጥሩን ያስተያዩ፤ አለቀ። አንድ ልዩ ጉዳይ ብቻ አለ፦ ኖርጄስትሬልና ሌቮኖርጄስትሬል። ኖርጄስትሬል የሁለት ተመሳሳይ ቅርጾች ድብልቅ ሲሆን የሚሠራው አንደኛው፣ ሌቮ የሚባለው ብቻ ነው። ስለዚህ 0.3 ሚሊግራም ኖርጄስትሬል = 0.15 ሚሊግራም ሌቮኖርጄስትሬል። ቀድሞ በእርዳታ ፕሮግራሞች ይሰራጭ የነበረው ዱኦፌም 0.3፣ ማይክሮጋይኖን 0.15 ሆነው በጉልበት አንድ ናቸው፤ «ግማሽ መጠን ተሰጠኝ» የሚለው ቅሬታ መነሻ የለውም።

ስሙ ሲለያይ መመዘኛው እንቁላል ማስቆሚያ ገደቡ ነው፤ ማለትም ያ ፕሮጄስቲን ብቻውን በቀን ስንት ሲወሰድ እንቁላል እንዳይወጣ ያደርጋል? በማመሳከሪያ መጻሕፍት መካከል ትንሽ ልዩነት ቢኖርም በግምት እንዲህ ነው፦

ሌቮኖርጄስትሬል 60 ማይክሮግራም
ዴሶጄስትሬል 60 ማይክሮግራም
ጄስቶዲን 40 ማይክሮግራም
ኖርኤቲስተሮን 500 ማይክሮግራም
ሳይፕሮተሮን አሲቴት 1000 ማይክሮግራም
ድሮስፒረኖን 2000 ማይክሮግራም

አሁን በፍሬው ውስጥ ያለውን ለገደቡ ያካፍሉ። ማይክሮጋይኖን 150 ÷ 60 = 2.5። ማርቬሎን (ዴሶጄስትሬል 150) እንዲሁ 2.5። ጂኔራ (ጄስቶዲን 75) 1.9 ገደማ። ዳያን-35 (ሳይፕሮተሮን 2000) 2። ያስሚን 3000 ÷ 2000 = 1.5። በቁጥር ትልቁ ያስሚን በዚህ ሚዛን ከሁሉም በታች ሆነ።

ይህ ውጤት 2.5 ያለው ከ1.5 የተሻለ ይከላከላል ማለት አይደለም። ሁሉም ከገደቡ በላይ ናቸው፤ ኤስትሮጅኑም ያግዛል። ስሌቱ የሚያሳየው የትኛው ፕሮጄስቲን በተለመደው መጠኑ ምን ያህል ትርፍ እንደያዘ ብቻ ነው። ስለ ብጉር፣ ስለ ፀጉር፣ ስለ ሰውነት ውኃ መቋጠር አይናገርም፤ እነዚያ የሆርሞኑ ጠባይ ናቸው። ሌቮኖርጄስትሬል ወደ ወንድ ሆርሞን ጠባይ ትንሽ ያደላል፤ ሳይፕሮተሮንና ድሮስፒረኖን በተቃራኒው ይሄዳሉ፣ ለብጉር የሚመረጡትም ለዚህ ነው። ድሮስፒረኖን በደም ውስጥ ፖታሲየም የማቆየት ባሕርይም ስላለው ኩላሊቷ የደከመ፣ ወይም ኢናላፕሪልና ስፒሮኖላክቶንን የመሰሉ መድኃኒቶች የምትወስድ ሴት ለሐኪሟ ሳትናገር መጀመር የለባትም።

5. የወሩን ድምር ያውጡ

የአንድ ፍሬ መጠን ግማሹ ታሪክ ነው። በፓኬቱ ውስጥ ስንት ፍሬ ሆርሞን እንዳለው ይቁጠሩ፤ ቡናማዎቹ የብረት ፍሬዎችና ባዶዎቹ ዜሮ ናቸው።

ማይክሮጋይኖን፦ 21 × 30 = 630 ማይክሮግራም ኤስትሮጅን በአንድ ዙር። ያዝ የሚባለው ክኒን፦ 24 × 20 = 480። ሦስት ደረጃ ያላቸው እንደ ትሪኩዊላር ያሉት ግን አንድ በአንድ መደመር አለባቸው፦ 6 ቀን 30፣ 5 ቀን 40፣ 10 ቀን 30። ይህ 180 + 200 + 300 = 680 ይሆናል። ፕሮጄስቲኑ ደግሞ 6 × 50፣ 5 × 75፣ 10 × 125፣ ድምሩ 1925፤ ማይክሮጋይኖን ግን 21 × 150 = 3150 ነው። «ቀለል ያለው» እየተባለ የሚሸጠው ባለ ሦስት ደረጃ ክኒን ፕሮጄስቲኑ አነሰ እንጂ ኤስትሮጅኑ በትንሹ በለጠ። በነዚህ ፓኬቶች ቅደም ተከተሉን ማፋለስ መጠኑን ማፋለስ ስለሆነ ከፊት እንጂ ከኋላ አይጀመርም።

የባዶ ቀናቱ ቁጥርም ዋጋ አለው። በሰባቱ ባዶ ቀናት እንቁላል ማፍሪያው መንቃት ይጀምራል። ያዝን የመሰሉ ባለ 20 ማይክሮግራም ክኒኖች 24 ሆርሞንና 4 ባዶ የሆኑት ይህን የመንቂያ ጊዜ ለማሳጠር ነው። አዲስ ፓኬት በሁለትና በሦስት ቀን አዘግይቶ መጀመር በመሃል ፍሬ ከመርሳት የሚከፋውም ለዚህ ነው፤ ሰባቱ ቀን ዘጠኝና አሥር ይሆናል።

6. አገር ሲቀየር

አዲስ አበባ ላይ 30/150 (30 ማይክሮግራም ኤስትሮጅን፣ 150 ማይክሮግራም ሌቮኖርጄስትሬል) ስትወስድ የነበረች ሴት አሜሪካ ስትገባ «ማይክሮጋይኖን» ብላ ብትጠይቅ ላይገባቸው ይችላል። ሌቮራ እና ፖርሺያ ግን ያው 30/150 ናቸው። አቪያን ቢሰጧት ሆርሞኖቹ እነዚያው ሆነው መጠኑ 20/100 ነው፤ ሁለቱም በአንድ ሦስተኛ ወርደዋል። በእስራኤልና በዓረብ አገሮች ጂኔራ ቢሰጣት ኤስትሮጅኑ 30 እንደሆነ ሲቆይ ፕሮጄስቲኑ ወደ ጄስቶዲን ተቀየረ ማለት ነው። ሜሊያን ደግሞ ያው 75 ጄስቶዲን ከ20 ኤስትሮጅን ጋር ነው። ከመንገድ በፊት የሳጥኑን የሆርሞን ስሞችና መጠኖች በላቲን ፊደላቸው በስልክ ፎቶ ማንሳት ይበቃል፤ ፋርማሲስት የሚሠራው በንግድ ስሙ ሳይሆን በነዚያ ነው።

7. ኤስትሮጅኑ እኩል ነው ማለት አደጋው እኩል ነው ማለት አይደለም

ማይክሮጋይኖንም ማርቬሎንም ያስሚንም 30 ማይክሮግራም ኢቲኒል ኢስትራዲዮል አላቸው። የአውሮፓ የመድኃኒት ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው ግምገማ መሠረት ክኒን የማይወስዱና ያላረገዙ 10,000 ሴቶች ውስጥ በዓመት ወደ 2 የሚሆኑት የደም ሥር መርጋት ይገጥማቸዋል። ሌቮኖርጄስትሬል፣ ኖርኤቲስተሮን ወይም ኖርጄስቲሜት ባለው ጥምር ክኒን ከ5 እስከ 7፤ ዴሶጄስትሬል፣ ጄስቶዲን ወይም ድሮስፒረኖን ባለው ከ9 እስከ 12። ቁጥሩ በሁሉም ትንሽ ነው፣ በእርግዝናና ከወሊድ በኋላም ከዚህ ይበልጣል። ግን የተለየ ምክንያት ከሌለ በሌቮኖርጄስትሬል መጀመር የሚመረጠው ለዚህ ነው። ርካሹ ክኒን እዚህ ላይ ውድ የሆነውን ይበልጠዋል።

መጠኑ ቢያንስም ጥምር ክኒን የማይሆንላቸው አሉ፦ የደም መርጋት፣ ስትሮክ ወይም የጡት ካንሰር ያጋጠማት፤ ማይግሬን ሲጀምራት ዓይኗ ላይ ብልጭታ ወይም ዕውር ቦታ የሚታያት፤ ዕድሜዋ 35 ያለፈና የምታጨስ፤ ከባድ የጉበት በሽታ ያለባት፤ ግፊቷ ከፍ ያለ። ከመጀመር በፊት ግፊት ማስለካት የግድ ነው፤ 140/90 እና ከዚያ በላይ ከሆነ «ዝቅተኛውን መጠን ስጡኝ» መፍትሔ አይደለም፣ ዘዴው ራሱ ይቀየራል።

8. ሌላ መድኃኒት መጠኑን ሲበላው

የቲቢው ሪፋምፒሲን፣ የሚጥል በሽታ መድኃኒቶቹ ፌኒቶይን፣ ካርባማዜፒንና ፌኖባርቢታል ጉበት ሆርሞኑን ቶሎ እንዲያፈርስ ያደርጋሉ። ሳጥኑ ላይ 30 የሚለው ደም ውስጥ 30 ሆኖ አይገኝም። ሁለት ሁለት ፍሬ መዋጥ በየቤቱ የሚመከር ቢሆንም አስተማማኝ አይደለም፤ ሕክምናው ረጅም ስለሆነ ሉፕ ወይም የዴፖ መርፌ ይሻላል። ላሞትሪጂን ላይ ነገሩ ይገለበጣል፦ ኤስትሮጅኑ የላሞትሪጂንን መጠን በደም ውስጥ ስለሚያወርድ በቁጥጥር ሥር የቆየ የሚጥል በሽታ ሊነሳ ይችላል።

9. ቅያሬውን መፈጸም

ከአሮጌው ፓኬት የመጨረሻውን የሆርሞን ፍሬ በዋጡ ማግስት አዲሱን ይጀምሩ፤ ባዶዎቹን ወይም የብረቶቹን ይዝለሉ። እንዲህ ከሆነ ኮንዶም አያስፈልግም። በተለይ መጠኑ የሚወርድ ከሆነ በሁለቱ መካከል እረፍት አያስገቡ። ነጠብጣብ ደም ቢታይ እስከ 3 ወር ይጠብቁ፤ በየወሩ ክኒን መቀያየር ደሙን ያራዝመዋል እንጂ አያቆመውም። ከ3 ወር ካለፈ መጀመሪያ የሚጠየቀው ፍሬ መርሳት፣ ተቅማጥ ወይም አዲስ መድኃኒት መኖሩ ነው፤ መጠን ስለመጨመር የሚታሰበው ከዚያ በኋላ ነው። ከዋጡ በ3 ሰዓት ውስጥ ካስመለሰዎት ሌላ ፍሬ ይውሰዱ።

አንድ የሆርሞን ፍሬ ከተረሳ እንዳስታወሱ ውጠው ቀጣዩን በሰዓቱ ይቀጥሉ፣ ሁለቱ በአንድ ቀን ቢገጥሙም። ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ የቅርቡን ብቻ ይውሰዱ፣ 7 ቀን በተከታታይ እስኪዋጥ ኮንዶም ይጠቀሙ። የረሱት በሦስተኛው ሳምንት ከሆነ ባዶዎቹን ዘለው ወደ አዲስ ፓኬት ይግቡ። በመጀመሪያው ሳምንት ሆኖ ግንኙነት ከነበረ ድንገተኛ መከላከያ ያስፈልጋል።

የድንገተኛው መጠን 1.5 ሚሊግራም ሌቮኖርጄስትሬል ነው፤ የአሥር ፍሬ ማይክሮጋይኖንን ፕሮጄስቲን በአንድ ጊዜ መውሰድ ማለት ነው። እሱ ካልተገኘ በጥምር ክኒን መሥራት ይቻላል፦ የሚፈለገው 100 ማይክሮግራም ኢቲኒል ኢስትራዲዮልና 500 ማይክሮግራም ሌቮኖርጄስትሬል፣ ከ12 ሰዓት በኋላ ያንኑ መድገም ነው። በ30/150 ከሆነ 4 ፍሬ አሁን፣ 4 ፍሬ ከ12 ሰዓት በኋላ። በ20/100 ከሆነ 5 እና 5። ቡናማዎቹ አይቆጠሩም። ማቅለሽለሹ ከበድ ይላል፣ ውጤቱም ከሌቮኖርጄስትሬል ብቻው ያነሰ ነው። ሁለቱም እስከ 5 ቀን ድረስ ይሠራሉ፣ በዘገዩ ቁጥር ግን ጉልበታቸው ይቀንሳል።

የአንድ እግር እብጠትና ሕመም፣ ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር ወይም የደረት ውጋት፣ ከዚህ በፊት ያልነበረ ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ብርሃን መጥፋት ከታየ ክኒኑን አቁመው ወዲያው ሆስፒታል ይሂዱ፣ ሳጥኑንም ይዘው ይግቡ።